ማተሚያው የታዘዘውን ይጽፋል

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። አባባሉ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር አብረን ማሰብ አለብን። የሚወረሰው ትክክለኛው ጽሑፍ ብቻ አይደለም። የተሳሳተ ጽሑፍም ይወረሳል። በደብተር ላይ በስሕተት የሰፈረ የመሬት ልክ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ልጁ ሲከራከርም «ወረቀቱ እንዲህ ይላል» ተብሎ ይረታል።

በዚህ ትምህርት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ፕሪንተር የሚባለው የኮምፒዩተር ማተሚያ እንዴት እንደሚሠራ እናያለን። ሁለተኛ፣ ከማተሚያው የወጣ ወረቀት እጃችን ሲገባ ምን ማድረግ እንደሚገባን እንወያያለን።

ወረቀት የበዛበት አገር

ገላን ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። እንደ ሰበታ፣ እንደ ቡራዩና እንደ ሱሉልታ ሁሉ አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች አንዷ ናት። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት እነዚህ ከተሞች በሥሩ ተጠቃለዋል። በዚህ አካባቢ ቀድሞ ጤፍና ስንዴ ይበቅልበት በነበረው ማሳ ላይ ፋብሪካ ቆሟል፤ መጋዘንና መኖሪያ ቤት ተሠርቷል።

እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ ወረቀት አብሮ ይመጣል። የይዞታ ደብተር አለ። የመሬት ልኬት አለ። የካሳ ግምት አለ። የኅብረት ሥራ ማኅበር ደረሰኝ፣ የባንክ ወረቀት፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ አለ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ዛሬ ከፕሪንተር የሚወጡ ናቸው።

እኛ ለማስተማር የመጣን ተማሪዎች ደጋግመን የምንሰማው ንግግር አለ። «ይኸ እኮ ኮምፒዩተር ያወጣው ነው። ኮምፒዩተር ደግሞ አይሳሳትም» ይባላል። ይህ አነጋገር ልክ ነው ወይ? መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ መኪናውን እንወቀው። የማያውቁትን ነገር መፍራትም ማምለክም ቀላል ነውና።

ከብራና እስከ እርሳስ ፊደል

ቀድሞ መጽሐፍ የሚጻፈው በእጅ ብቻ ነበር። ቁም ጸሐፊው የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ፍቆ ብራና ያዘጋጃል። ከሸምበቆ ብዕር ይቀርጻል። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት ይበጠብጣል። ከዚያ ፊደል በፊደል ይጽፋል። አንድ ትልቅ መጽሐፍ ለመጨረስ ወራት ይፈጅበታል። ሁለተኛ ቅጂ ከተፈለገ እንደገና ከ«ሀ» ብሎ መጀመር ነው። በዚህ ምክንያት መጽሐፍ ውድ ነበር። አንባቢውም ጥቂት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1455 ገደማ ጀርመናዊው ዮሐንስ ጉተንበርግ መጽሐፍ ቅዱስን በእርሳስ ፊደል አተመ። ይህ እርሳስ የምንጽፍበት ሳይሆን ብረት መሰሉ ማዕድን ነው። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ከማዕድኑ ይቀረጻሉ። ፊደል ለቃሚው እየለቀመ ይደረድራቸዋል። በላያቸው ቀለም ይቀባል፤ ወረቀት ይጫናል። አንድ ጊዜ የተደረደረ ገጽ ብዙ መቶ ጊዜ ይታተማል።

የእኛ ፊደል በመጽሐፍ ታትሞ የወጣው መጀመሪያ በባዕድ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊት በግዕዝ በሮም ከተማ ታተመ። በአዲስ አበባ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ነው። በዚሁ ስም የሚጠራው ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. ወጣ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ትምህርቱ መጀመሪያ በ5 ቋንቋዎች፣ ኋላም በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። የሕትመት መኪና ባይኖር ኖሮ ለዚያ ሁሉ ሰው መማሪያ መጽሐፍ ማዳረስ አይቻልም ነበር።

የእኛ ፊደል ግን ለአታሚ አስቸጋሪ ነው። እንግሊዝኛ 26 ፊደላት አሉት። የእኛ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» 33 ረድፍ ሲሆን፣ እያንዳንዱ 7 መልክ አለው። ሲባዛ 231 ይሆናል። እነ «ሏ» እና «ቷ» ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ፊደል ለቃሚው ፊት ያለው ሣጥን ስንት ክፍል እንደሚያስፈልገው አስቡት! የጽሕፈት መኪናም ይህን ሁሉ ፊደል የሚይዝ ቁልፍ የለውም። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ሰዎች ብዙ የደከሙት ፊደላችን በዚያች ትንሽ መኪና እንዲጻፍ ለማድረግ ነው።

ኮምፒዩተር ፊደልን በቁጥር ያውቃል

ኮምፒዩተር ፊደል አይቆጥርም፤ አያነብም። የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ተሰጥቶታል። ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም የፊደል ቁጥር መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1999 የእኛን ፊደል ጨመረ። በዚህ መዝገብ «ሀ» 4608 ነው። «ሁ» 4609፣ «ሂ» 4610 እያለ ይቀጥላል። እናንተ ገበታ ላይ በቆጠራችሁት ተራ ነው የሄደው።

«ገላን» ብለን ስንጽፍ ኮምፒዩተሩ የሚይዘው 4872፣ 4619፣ 4757 የሚሉ 3 ቁጥሮችን ነው። «ገ»፣ «ላ»፣ «ን» ማለት ነው። ጸሐፊው ሊመታ የፈለገው «ላ»ን ሆኖ ሳለ «ለ»ን ቢመታ ኮምፒዩተሩ 4616ን ይይዛል። «ኧረ ተሳሳትህ፣ የከተማዋ ስም ገላን ነው» አይልም። ቁጥሩን ተቀብሎ ዝም ይላል። ይህን ልብ በሉ። ኋላ እንመለስበታለን።

ፊደል ከነጥብ ይሠራል

ማተሚያው ቁጥሩን ተቀብሎ እንዴት ፊደል ያደርገዋል? መልሱ እያንዳንዳችን ቤት ውስጥ አለ። መሶብ የምትሰፋ እናት አክርማውን በቀለም ነክራ ዙር በዙር ትሰፋለች። በአንድ ስፌት አበባ አይወጣም። ቀዩ እዚህ፣ አረንጓዴው እዚያ እየተባለ ዙሩ ሲሞላ አበባው ይታያል። ከሩቅ ሲያዩት አበባ ነው። ጠጋ ሲሉ ግን ስፌት በስፌት የተለቀመ ነው።

ፕሪንተርም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ፊደልን ከነጥብ ይሰፋዋል። «በ» የሚለውን ፊደል በነጥብ ስንሠራ ይህን ይመስላል።

●●●●●
●○○○●
●○○○●
●○○○●
●○○○●

አሁን በቀኝ ጎኑ አንድ ነጥብ ብቻ እንጨምር።

●●●●●○
●○○○●○
●○○○●●
●○○○●○
●○○○●○

ምን ሆነ? «በ» የነበረው «ቡ» ሆነ። በአንዲት ነጥብ ፊደሉ ተለወጠ። ፊደሉ ሲለወጥ ቃሉ ይለወጣል። ቃሉ ሲለወጥ ደግሞ ጉዳዩ ሊለወጥ ይችላል።

ነጥብን ለንባብ መጠቀም ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። በሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት አለ። ዓይነ ስውራን የሚያነቡት ብሬይል የሚባለው ጽሑፍ በወረቀት ላይ ጎላ ካሉ 6 ነጥቦች የሚቀናበር ነው። ተማሪው ነጥቡን በጣቱ እየዳሰሰ ያነባል።

ነጥቡን በወረቀት ላይ የማሳረፊያው መንገድ ብዙ ዓይነት ነው። ዋና ዋናዎቹን 4 እናያለን።

አንደኛ፦ በመርፌ የሚመታው

ይህ ማተሚያ 9 ወይም 24 ቀጫጭን መርፌዎች አሉት። በመርፌዎቹና በወረቀቱ መካከል ቀለም የጠጣ ጥብጣብ ይዘረጋል። መርፌው ጥብጣቡን ሲመታ በወረቀቱ ላይ ነጥብ ያርፋል። ሲሠራ በኃይል ይንጫጫል።

ጥቅሙ መምታቱ ነው። ከሥር ካርቦን ያለው ወረቀት ከተደረበ በአንድ ምት 2 ወይም 3 ቅጂ ይወጣል። ጉዳቱ ደግሞ ጥብጣቡ ሲያረጅ ጽሑፉ ይደበዝዛል። አንዱ መርፌ ከተሰበረ በየፊደሉ መካከል ነጭ መስመር ይተዋል። ያን ጊዜ «ቡ» «በ» መስሎ ሊነበብ ይችላል።

ሁለተኛ፦ ቀለም የሚረጨው

ጀበና ሲገነፍል አይታችኋል። ከታች የፈላው አረፋ ቡናውን ገፍቶ በአፉ ያስወጣዋል። ቀለም የሚረጨው ፕሪንተር አንዱ ዓይነትም እንዲሁ ነው። ከፀጉር የቀጠኑ ብዙ ቀዳዳዎች አሉት። በየቀዳዳው ጀርባ ያለው ማሞቂያ ቀለሙን በቅጽበት ያሞቀዋል። አረፋ ይነሣል። አረፋው አንዲት ጠብታ ገፍቶ ወረቀቱ ላይ ያሳርፋል።

ይህ ማተሚያ ፎቶግራፍም ያትማል። ብዙውን ጊዜ 4 ቀለም ብቻ ነው ያለው፦ ጥቁር፣ ቢጫ፣ ውኃ ሰማያዊና ወይን ጠጅ የመሰለ ቀይ። ሌላው ቀለም ሁሉ ከእነዚህ ቅልቅል ይገኛል። ነገር ግን ቀለሙ ፈሳሽ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ውኃ ሲነካው ይፈስሳል። እንዲህ ያለውን ወረቀት ከዝናብና ከላብ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፦ በብርሃንና በዱቄት የሚያትመው

ይህ ሌዘር ፕሪንተር ይባላል። በየመሥሪያ ቤቱና በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ያለው በአብዛኛው ይኸው ነው። አሠራሩን ለመረዳት እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። ቅቤ ያልተቀባ ደረቅ ፀጉር በፕላስቲክ ማበጠሪያ ደጋግማችሁ አበጥሩ። ከዚያ ማበጠሪያውን ወደ ገለባ ብናኝ አስጠጉ። ብናኙ ዘሎ ማበጠሪያው ላይ ይጣበቃል። ይህን የሚያደርገው በመፋተግ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ነው።

በሌዘር ፕሪንተር ውስጥ ከበሮ የመሰለ ድብልብል ዘንግ አለ። መኪናው ከበሮውን እንደ ማበጠሪያው በኤሌክትሪክ ይሞላዋል። ሌዘር የሚባለው ቀጭን ብርሃን በከበሮው ላይ ፊደሉን ይነድፋል። ብርሃን የነካው ቦታ ኤሌክትሪኩን ያጣል። በዚያ ቦታ ላይ ብቻ ቶነር የሚባለው ጥቁር ዱቄት ይጣበቃል። ከዚያ ወረቀቱ ሲያልፍ ዱቄቱን ከከበሮው ይቀበላል። በመጨረሻ የጋለ ዘንግ ዱቄቱን አቅልጦ ከወረቀቱ ጋር ያጣብቀዋል። ወረቀቱ ሲወጣ ሞቅ የሚለው ለዚህ ነው።

ቶነር የፕላስቲክ ዱቄት ነው። ጥቁር የሚያደርገው ውስጡ ያለው ጥላሸት ነው። ቁም ጸሐፊው ከጥላሸት ቀለም ይበጠብጣል ብለን ነበር። መኪናው ቢለወጥም ጥላሸቱ ዛሬም አለ።

ይህን ዘዴ ያገኘው ቼስተር ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ ነው። የሚሠራው በፈጠራ መብት ጉዳይ ስለነበር የሰነድ ቅጂ በየጊዜው ያስፈልገው ነበር። ጥቅምት 12 ቀን 1931 ዓ.ም. ድኝ የተቀባ ብረት በጨርቅ አሸ። ጽሑፍ ያለበት መስታወት ደርቦ ብርሃን አበራበት። ዱቄት ነሰነሰበትና እፍ አለው። ጽሑፉ ብረቱ ላይ ታየ። ሐሳቡን ይዞ ብዙ ድርጅቶችን ቢጠይቅም አንቀበልም አሉት። ብዙ ገበያ ያገኘው የቅጂ መኪና የወጣው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ ጋሪ ስታርክዌዘር የሚባል መሐንዲስ በዚያ መኪና ላይ ሌዘርን ለመጨመር አሰበ። የሌዘር ፕሪንተር መነሻ ይህ ሆነ።

የነጥቡን ብዛት ለመገመት አውራ ጣታችሁን ተመልከቱ። በ1 ኢንች፣ ማለትም በ2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ርዝመት ውስጥ፣ የተለመደው ሌዘር ፕሪንተር 600 ነጥብ ይደረድራል። በ1 ኢንች ካሬ ሲሰላ 360,000 ነጥብ ነው። ነጥቡ ለዓይን የማይታየው ለዚህ ነው።

አራተኛ፦ በሙቀት ብቻ የሚያትመው

ሱቅ ውስጥ ከገንዘብ መመዝገቢያ መኪና የሚወጣውን ስስ ደረሰኝ ታውቁታላችሁ። ይህ ማተሚያ በአብዛኛው ቀለምም ዱቄትም የለውም። ወረቀቱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር መድኃኒት የተቀባ ነው። መኪናው ነጥብ በነጥብ ያሞቀዋል፤ የሞቀው ይጠቁራል።

ልብ በሉ! ይህ ደረሰኝ አይበረክትም። ፀሐይ፣ ሙቀትና ዘይት ያጠፉታል። ከምድጃ አጠገብ ብትሰቅሉት ይበላሻል። ጊዜው ሲረዝም ነጭ ወረቀት ብቻ ይቀራል። የማዳበሪያ፣ የምርጥ ዘር ወይም የግብር ደረሰኝ እንዲህ ባለ ወረቀት ከተሰጣችሁ ሳትዘገዩ ፎቶ ኮፒ አስነሡ። ሁለቱንም አንድ ላይ አኑሩ።

ታዲያ ኮምፒዩተር አይሳሳትም ወይ?

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። መኪናው ምን እንደሚሠራ አይተናል። ቁጥር ይቀበላል፤ ነጥብ ያሳርፋል። ሌላ ሥራ የለውም። ማሳውን አላየም። ባለቤቱን አያውቅም። ጽሑፉን የሰጠው ሰው ነው። ሰው ደግሞ ይሳሳታል። አንዳንዱም አውቆ ያጣምማል።

ለምሳሌ እንበልና የአንድ ገበሬ ማሳ 0.75 ሄክታር ነው። ጸሐፊው ቸኩሎ 0.57 ብሎ መታው። ማተሚያው 0.57ን ጥርት አድርጎ፣ አሳምሮ ያትማል። ልዩነቱ 0.18 ሄክታር ነው። ይህ 1,800 ካሬ ሜትር መሬት መሆኑ ነው። ወረቀቱ ሲታይ ግን ምንም ጉድለት የለበትም። በእጅ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ ስርዝ ድልዝ አይተን እንጠራጠር ነበር። የሕትመት ውበት ግን ጥርጣሬን ያስተኛል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ «ኮምፒዩተር ያወጣው ነው» የሚለው ቃል መልስ አይሆንም። «ለኮምፒዩተሩ የሰጠው ማን ነው? ከምን ላይ ወስዶ ሰጠው?» ብለን እንጠይቅ። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። የባለ ጉዳይ መብት ነው።

ከመፈረማችን በፊት

በአገራችን የመጀመሪያው ደረጃ የመሬት ይዞታ ደብተር በእጅ የሚሞላ ነበር። ሁለተኛው ደረጃ ማረጋገጫ ግን የማሳውን ካርታ የያዘና በኮምፒዩተር የሚዘጋጅ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲሰጠን በመጀመሪያ እነዚህን እናንብብ።

1. ስም። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም በትክክል ተጽፏል ወይ? ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ከሆነ የሁለቱም ስም አለ ወይ? እናቶች ሆይ፣ ስማችሁን ራሳችሁ በጣታችሁ እየጠቆማችሁ አንብቡ።

2. ቁጥር። የመሬቱ ስፋት ወይም የገንዘቡ ልክ ስንት ነው? ገንዘብ ከሆነ በአኃዝና በፊደል የተጻፈው ይስማማል ወይ?

3. አዋሳኝ። በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ የተጻፉት ጎረቤቶች ትክክለኞቹ ናቸው ወይ?

4. ቀን። ወረቀቱ የተጻፈው መቼ ነው? አቤቱታ የሚቀርብበት የቀን ገደብ ተጽፎበታል ወይ? ቀኑ ካለፈ እውነት ይዞ መረታት አለና።

5. ማኅተምና ፊርማ። ከፕሪንተር ስለወጣ ብቻ ወረቀት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይሆንም። የደብዳቤ ቁጥር፣ የኃላፊው ፊርማና ማኅተም አለው ወይ? ባለ ቀለም ፕሪንተር የማኅተም መልክ ማተም እንደሚችልም አንርሳ። ከተጠራጠርን ወረቀቱን ይዘን ሰጠ ወደተባለው መሥሪያ ቤት ሄደን እንጠይቅ።

6. ባዶ ቦታ። ያልተሞላ ቦታ ባለበት ወረቀት ላይ አንፈርም፤ ጣትም አናሳርፍ። በባዶው ቦታ ላይ ኋላ ሌላ ነገር ሊታተምበት ይችላል።

ማመልከቻ ስናስጽፍም እንዲሁ ነው። ጸሐፊው ከማተሙ በፊት ጽሑፉን ከኮምፒዩተሩ ላይ ያሳየን። ራሳችን እናንብበው። ካልቻልን ያንብብልን። ገና ሳይታተም ፊደል ማረም የሚፈጀው ቅጽበት ነው። ከታተመ፣ ከተፈረመና መዝገብ ቤት ከገባ በኋላ ግን ያቺን አንድ ፊደል ለማሳረም ስንት ቀን መመላለስ ይመጣል!

«ገና አሁን ነው የተማርኩት፣ ቀስ ብዬ ነው የማነብ፤ ሰው ይሰለቸኛል» የሚሉ አባቶችና እናቶች አሉ። ቀስ ብሎ ማንበብ ነውር አይደለም። እንዲያውም ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ፈጥኖ የሚያነበው የሚዘለውን ነጥብ ያያል። ፈርም ባዩ ቢቸኩልም እኛ አንቸኩል። «ቆይ፣ አንብቤ እፈርማለሁ» እንበል። መኪናው የታዘዘውን ጽፎ ሥራውን ጨርሷል። የቀረው ሥራ የአንባቢው ነው።

የቃላት ፍቺ

ፕሪንተር፦ ከኮምፒዩተር የተላከለትን ጽሑፍ ወይም ሥዕል በወረቀት ላይ የሚያትም መኪና።
ቶነር፦ በሌዘር ፕሪንተር ውስጥ እንደ ቀለም የሚያገለግል ዱቄት።
ጥላሸት፦ ከእሳት ጭስ የሚጠራቀም ጥቁር ብናኝ።
አዋሳኝ፦ ከማሳችን ጋር ድንበር የሚጋራ መሬት ወይም ባለመሬት።
ሰነድ፦ ለማስረጃ የሚቀመጥ ጽሑፍ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. መሶብ ሲሰፋ አበባው የሚወጣበትና ፕሪንተር ፊደል የሚያወጣበት መንገድ በምን ይመሳሰላሉ?
2. ከ4ቱ የማተሚያ ዓይነቶች ወረቀቱ ቶሎ የሚጠፋው የትኛው ነው? ምን ማድረግ አለብን?
3. «ኮምፒዩተር አይሳሳትም» ለሚል ሰው ምን ትመልሳላችሁ?
4. ቤታችሁ ካሉት ወረቀቶች አንዱን አምጡ። ስሙን፣ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ማኅተሙን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ስሕተት አለበት ወይ?